የእሬት ሐሞት

እዚህ አገር ያደገ ሰው ከእሬት ጋር የሚተዋወቀው ገና ስሙን መጥራት ሳይችል ነው። እኔ የተዋወቅሁት በ2 ዓመት ከ4 ወሬ ነው አሉ። “አሉ” ማለቴ እኔ ስለማላስታውሰው ነው፤ የምታስታውሰው እናቴ ናት። ታናሽ ወንድሜን ፀንሳ ስለነበር ጡት መተው ነበረብኝ። በልመና እምቢ አልኩ፤ በገንፎ አልታለልም አልኩ። በመጨረሻ ከአጥሩ ሥር አንድ የእሬት ቅጠል ቆረጠችና ከጫፉ የሚንጠባጠበውን ብጫ ፈሳሽ በጣቷ ነክታ ጡቷን ቀባችው። እኔ እንደ ልማዴ ሮጬ መጣሁ፤ ቀመስኩ፤ ፊቴን አጨማደድኩ። ግን አላለቀስኩም አሉ። ቀና ብዬ ዓይን ዓይኗን አየኋት እንጂ።

“ብታለቅሽ ይሻለኝ ነበር” ትለኛለች እናቴ እስከ ዛሬ። “ምን በደልሁሽ የምትይ ነበር የምትመስይው።”

አማርኛችንም ከዚያው ከጡቱ ላይ የተማረ ይመስላል። ኑሮ ሲከፋን “እሬት ሆነብኝ” እንላለን፤ የሰው ነገር ሲያንገፈግፈን “እሬት እሬት አለኝ” እንላለን። ኒቆዲሞስ ለጌታ መቅበሪያ ከርቤና እሬት ይዞ መምጣቱ በወንጌል ሲነበብ የሰማ ምእመን ደግሞ እሬትን ከቀብር ጋር አያይዞ ያስበዋል። እንግዲህ አንዱ ጫፍ ጡት መጣያ፣ ሌላው ጫፍ መቃብር ነው። በሁለቱ መካከል ባለው ረጅም ዕድሜ ግን እሬት ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም? እኔ ይህን ጥያቄ በጽሑፍ ለመመለስ አንድ ጊዜ ሞክሬ ትልቅ ስሕተት ሠርቻለሁ። ይህ ሁለተኛው ሙከራዬ ነው።

የእናቴ ቤት ዳባት ነው። ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ አምባ ጊዮርጊስን ካለፈ በኋላ፣ 75 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ የሚያገኛት፣ የወገራ ነፋስ የማይለያት ከተማ ናት። መንገዱ ሲቀጥል ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ወዲያ ጣልያን ገደሉን ፈልፍሎ የሠራው የሊማሊሞ መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ በስተቀኝ ደግሞ የስሜን ተራራ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1969 ተከልሎ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው፣ ዋልያና ጭላዳ የሚታይበት ፓርክ ያ ነው። ፈረንጅ ለዋልያ ይመጣል። እኔ በልጅነቴ ወደ ደባርቅ የምሄደው አያቴን ለመጠየቅ ነበር።

የአያቴ አገር ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ ከተራራው እግር ሥር ነው። እናቴ ተድራ ወደ ዳባት ስትመጣ አያቴ ሁለት ነገር በመቀነቷ ቋጠረችላት፤ አንዱ የብር ማተብ፣ ሁለተኛው የእሬት ግልገል። ማተቡ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ለእህል ተሸጠ። ግልገሉ ግን አለ። ዛሬ የግልገሉ የልጅ ልጆች ከድንጋይ ካቡ ሥር ረድፍ ይዘው ቆመዋል፤ ወፍራም፣ ጫፉ የሾለ፣ ዳር ዳሩ እሾህ ያለው ቅጠል፤ አበባው ከመካከል እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀይ ሲሆን የአበባ ማር የምትጠጣው ትንሿ ወፍ እየተንጠለጠለች ትጠባዋለች።

ከካቡ ጫፍ ቁልቋል አለ፤ ከጓሮው ጥግ ደግሞ እንዳሁላ። ሦስቱም በአካላቸው ውሃ የሚቋጥሩ ናቸው፤ የእናቴ አያያዝ ግን ለየቅል ነው። እንዳሁላን ለእብጠት ትጠቀምበታለች። ቁልቋልን ለአጥርነት እንጂ ለሌላ አትፈልገውም፤ ስንቆርጠው ካየች “ወተቱ ዓይን ያጠፋል!” ብላ ትጮህብን ነበር። እሬትን ግን “የቤት ሰው” ትለዋለች።

የቤቱ ሰው ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የእሬት ዓይነቶች ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም በሌላ አገር የሉም። በስሜን ገደሎች ላይ ቀይ አበባውን ቁልቁል አንጠልጥሎ የሚታየው እሬት በሊቃውንት ዘንድ አሎዌ ስቶይድነሪ ይባላል። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 አገራችንን ከዞረው ከጀርመናዊው ሄርማን ስቶይድነር ነው፤ ሰውየው በ1863 ዛሬ ደቡብ ሱዳን በምትባለው ምድር በንዳድ ሞተ። ለአጭር ጊዜ ያለፈ እንግዳ ስሙን በገደላችን ላይ ትቶ ሄደ። ደግነቱ ከዚያ ወዲህ የራሳችን ሰዎች ሥራውን ይዘውታል። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ከመሩት አንዱ ናቸው፤ ኢንገር ኖርዳል ከተባሉ የኖርዌይ ምሁር ጋርም ስለ እሬት ዓይነቶቻችን መጽሐፍ ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግሊዙ የኪው ዕፅዋት ማዕከል በዓለም አቀፍ ሜዳሊያው ሸልሟቸዋል።

በየሻምፑው ጠርሙስ ላይ ስሙ የተጻፈው አሎቬራ ግን የእኛ ገደል ልጅ አይደለም፤ የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከዓረቢያ ምድር ነው። ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት የእሬትን ዝርያ በሙሉ በቁጥጥር ሥር ሲያደርግ ነፃ የለቀቀው ይህንኑ አንዱን፣ በየአገሩ እንደ ጎመን የሚዘራውን ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የተማርኩት ካደግሁ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ትምህርቴ የተሰጠኝ በዘጠኝ ዓመቴ፣ ከጀበና የተገነፈለ ቡና ክንዴ ላይ በፈሰሰ ጊዜ ነበር። ጩኸቴን ሰምታ ጎረቤታችን ቅቤ በጭልፋ ይዛ መጣች። እናቴ “ተይው እቴ፣ ቅቤ ቃጠሎውን ይይዘዋል” ብላ መለሰቻት። ክንዴን ወደ ደጅ አውጥታ ከእንስራው ቀዝቃዛ ውሃ ታፈስበት ጀመር፤ የዳባት ውሃ ነውና ጥርሴ እስኪንቀጫቀጭ ድረስ። “በቃኝ” ስል “ገና ነው” ትላለች።

ውሃው ሲበቃት ወደ አጥሩ ሄደች። ከታች፣ ከዳር ያለውን ያረጀውን ቅጠል ቆረጠች። ወዲያው ግን አልቀባችኝም። ቅጠሉን የተቆረጠውን ጫፍ ቁልቁል አድርጋ በጣሳ ውስጥ አቆመችው። ብጫው ፈሳሽ ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር። እኔ እየተንሰፈሰፍኩ “ለምን አትቀቢኝም?” ብላት፣

“ሐሞቱ ይውጣ” አለችኝ። “ሐሞቱ ሳይወጣ ሥጋው አይነካም።”

ሐሞቱ ወጥቶ ሲያበቃ ቅጠሉን አጠበች፤ እሾሁን በሁለቱም በኩል በቢላዋ ላጠች፤ አረንጓዴውን ልጣጭ ገፈፈች። ከውስጡ እንደ በረዶ የጠራ፣ የሚያሟልጭ ነገር ወጣ። “ሥጋው” ያለችው ይህ ነበር። ክንዴ ላይ ስታስተኛው ቅዝቃዜው እስከ ልቤ ተሰማኝ። ዛሬ በዚያ ክንዴ ላይ ጠባሳ የለም።

በቅርቡ መጻሕፍት ሳገላብጥ እናቴ “ሐሞት” ያለችው ከልጣጩ ሥር በቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ የሚኖር ፈሳሽ መሆኑን አነበብኩ። በውስጡ አሎይን የሚባል፣ አንጀትን አጥብቆ የሚያስቀምጥ ነገር አለው። “ሥጋው” ደግሞ ከ98 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ ቀላል ቃጠሎን በማዳን ረገድ ተስፋ ሰጪ ማስረጃ ያለው እርሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ መድኃኒት ዕፅዋት ባወጣው የመጀመሪያ ቅጽ ሁለቱን በአንድ ላይ አልጻፋቸውም፤ ለየብቻ ምዕራፍ ሰጥቷቸዋል። የአያቴ ቤት ምዕራፉን የከፈለው ከዚያ አስቀድሞ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከመጀመሪያው ይበልጣል። በዚያው ዓመት ክረምት የጎረቤታችን ልጅ ምድጃ ውስጥ ወደቀ። እናቱ ይዛው ወደ እኛ ቤት እየጮኸች መጣች፤ የእናቴ እጅ ይታወቅ ነበርና። እናቴ ልጁን አንድ ጊዜ አየችው። ወደ አጥሩ ዞር እንኳ አላለችም። ከሣጥኗ የታጠበ ነጠላ አውጥታ ጠቀለለችውና እናቱን ቀድማ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠች። ማታ ተመልሳ እግሯን ስትታጠብ “እሬት አላደረግሽለትም እንዴ?” አልኳት።

“እሬት ቆዳ ያውቃል እንጂ ሥጋ አያውቅም” አለችኝ።

ልጁ ዳነ። እኔ ግን ይህን ቃሏን እንደ ሰማሁት ረሳሁት።

አድጌ አዲስ አበባ ገባሁ፤ በጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ያዝኩ። ቋሚ ሥራ አልቀናኝምና በየመጽሔቱ እየጻፍኩ፣ በጽሑፍ ቁጥር እየተከፈለኝ የምኖር ሰው ሆንኩ። የዚህ ኑሮ ጠባዩ ይታወቃል፤ የቤት ኪራይ ቀን ሲቀርብ ርእስ ይጠፋል። በ2010 ዓ.ም. እንዲህ ባለ ቀን አንድ የመዋቢያ ሱቅ ገብቼ ሳሙናው፣ ቅባቱ፣ ሻምፑው ሁሉ አሎቬራ የሚል ስም ተለጥፎበት አየሁ። ሻጯን “ይህ እኮ እሬት ነው” ብላት ሳቀችብኝ። “እሬትማ መራራው ነው፤ ይሄ አሎቬራ ነው” አለችኝ። ርእሴን አገኘሁ።

ጽሑፉ ጥሩ ነበር። አሁንም ቢሆን ጥሩ ነበር እላለሁ። የእናቴን አጥር፣ የአያቴን መቀነት፣ ቀዩን አበባ ሁሉ አገባሁበት። ንቀን የተውነውን ነገር ፈረንጅ በጠርሙስ መልሶ ይሸጥልናል ብዬ ቆጨሁ፤ አንባቢም አብሮኝ ቆጨ። ከመጨረሻው በፊት ባለው አንቀጽ ላይ የእሬትን ጥቅም ዘረዘርኩ፤ ለቃጠሎ፣ ለፀጉር፣ ለጨጓራ፣ “ለቁስል ሁሉ” ብዬ። ይህችን “ሁሉ” የምትል ቃል ማንም አላዘዘኝም። ዐረፍተ ነገሩን ስለምታሳምረው ነው የጨመርኳት።

በዚያው ሰሞን እሬትን በጉራ ብቻ እንደማውቀው የሚያሳዩ ሁለት ምልክቶች መጥተውልኝ ነበር። ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ።

የመጀመሪያው በበረንዳዬ ላይ ነው። ከዳባት ያመጣሁትን ግልገል በአሮጌ የዘይት ጣሳ ተክዬ በየማለዳው ውሃ አጠጣው ነበር። በወሩ ከሥሩ ረገበ፤ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ላመ፤ ሸተተ። ለእናቴ ስልክ ደወልኩ።

“ስንት ጊዜ ነው የምታጠጭው?”

“በየቀኑ።”

“ላም መሰለሽ እንዴ?”

እሬት ማሳደግ የሚከብደው በጣም ለሚሳሳለት ሰው ነው። ግልገሉ ከእናቱ ሲለይ ቁስሉ በጥላ ሁለት ሦስት ቀን ይደርቅ፤ ሳይደርቅ ከተተከለ ይበሰብሳል። አፈሩ አሸዋና ጠጠር ይቀላቀልበት፤ ጣሳው ከሥሩ ይበሳ። ውሃ የሚሰጠው አፈሩ ጣት እስኪገባበት ድረስ ሲደርቅ ነው። ለብርቱ ፀሐይም ቀስ በቀስ ይለማመድ፤ በአንድ ጊዜ ከወጣ ቅጠሉ ይቀላል። እንደ ዳባትና ደባርቅ ባለ ደጋ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ስለሚወርድ እናቴ ማታ ማታ በገለባ ትሸፍነዋለች። ለመድኃኒት የሚቆረጠው ከታች ያለው የዳር ቅጠል ነው፤ የመካከሉ እምቡጥ አይነካም። ሌላው ዕፅ ቀን ሲተነፍስ እሬት ቀን አፉን ዘግቶ ውሃውን ይቆጥባል፤ የሚተነፍሰው ሌሊት ነው። እንዲህ ያለውን ቆጣቢ በየቀኑ አጠጣሃለሁ ማለት ጾመኛን ካልበላህ ብሎ እንደ መጨቅጨቅ ነው።

ሁለተኛው ምልክት በሆዴ መጣ። ጨጓራዬ ሲነሣብኝ የራሴን ጽሑፍ አምኜ አንድ ሙሉ ቅጠል ከነልጣጩ ፈጭቼ ከማር ጋር ጠጣሁ። ለሐሞቱ መውጫ ጊዜ አልሰጠሁትም፤ ቸኩዬ ነበር። ያን ሌሊት በሆድ ቁርጠት ስንፈራገጥ፣ ከመጸዳጃ ቤት ስመላለስ ነጋ። በኋላ እንዳነበብኩት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡትን የእሬት ሆድ ማስለስለሻዎች ከገበያ አስወጥቷል፤ አምራቾቹ ደኅንነታቸውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አላቀረቡምና። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥራዝ ከነልጣጩ የተዘጋጀውን የአሎቬራ ቅጠል ጭማቂ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት ተርታ መድቦታል። ለነፍሰ ጡርማ ሐሞቱ ፈጽሞ የሚጠጣ አይደለም።

እኔ ግን ያን ሌሊት እንዳለፈ ነገሩን የሳቅ ወሬ አደረግሁት። መጽሔቷን ለእናቴ ልኬላት ነበር። ወንድሜ አነበበላት፤ ደግማ አስነበበችው፤ ከዚያ አጥፋ በዳዊቷ ውስጥ አስቀመጠችው አሉ።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በስልክ ስንጫወት፣ በነገር መካከል፣ “እግሬን ጫማ ላጠኝ” አለችኝ።

“እሬት አደረግሽበት?”

“አዎ፣ ጧትና ማታ።”

“ጎበዝ!” አልኳት። ከዚያ ስለ እህል ዋጋ አወራን።

በሳምንቱ ደወልኩ። “እንዴት ሆነ?” “ደኅና ነው፤ ምንም አያመኝ።” አያመኝም ማለቷ ዳነ ማለት መሰለኝ። በዘጠነኛ ዓመቴ ክንዴን የያዘች ሴት እንዲህ ስትል ከዚህ የተለየ ምን ይታሰባል?

በ19ኛው ቀን ደባርቅ የሚሠራው ወንድሜ ሊጠይቃት ቢመጣ ገና ከደጃፍ አንድ ሽታ ተቀበለው። ካልሲዋን አስወልቆ አየ። ትንሿ ጣቷ ጠቁራለች። “ያምሻል?” ቢላት “ምንም” አለችው። ተሸክሟት ወደ ጤና ጣቢያው ሄደ። ደሟን ለኩና ስኳር አገኙባት፤ በዚያው ዕለት ወደ ጎንደር ተላከች። እኔ በአውቶቡስ ሌሊትና ቀን ተጉዤ ስደርስ ጣቷ ተቆርጦ ነበር።

ስኳር የከተማ፣ የወፍራም፣ የባለጠጋ ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር። የጎንደር ሐኪሞች ግን በገጠር፣ ቀጭንና ድኻ በሆኑ ሰዎች ላይ ስለሚታየው ስኳር በሽታ ለዓመታት ሲጽፉ ኖረዋል። በሽታው ሳይታወቅ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ የደም ዝውውሩንም ያዳክማል። ቁስሉ የማያመው ስለዳነ አይደለም፤ የሚያም ነገር የሚነግር ነርቭ ስለሞተ ነው። እንዲህ ያለውን ቁስል ገና በመጀመሪያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ቀዝቃዛ የእሬት ሥጋ ከላይ ማስተኛት የሚጠቅመው ነገር የለም፤ ጊዜ ማባከን ነው።

ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ቀን፣ ዳባት፣ ምድጃው ዳር ተቀምጠን ሳለን ጠየቅኋት። ለብዙ ቀን ስፈራው የነበረ ጥያቄ ነው።

“እማ፣ ‘እሬት ቆዳ ያውቃል እንጂ ሥጋ አያውቅም’ ብለሽኝ አልነበረም?”

“ብያለሁ።”

“ታዲያ ለምን…?”

እሳቱን በጉማጅ ነካ ነካ አደረገች። “የማያም ቁስል ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እናቴ ነግራኛለች። ሰንብቶ አልደርቅ ሲለኝ ልቤ ጠርጥሮ ነበር። ኋላ ግን ያንች ጽሑፍ አለ። ‘ለቁስል ሁሉ’ ይላል። የተማረችው ልጄ እኔ የማላውቀውን አግኝታ ይሆናል አልሁ።”

ቁጣ የለበትም፤ ወቀሳም የለበትም። የሆነውን ነበር የነገረችኝ። እኔ ግን በሁለት ዓመት ከአራት ወሬ እንዳደረግሁት ቀና ብዬ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ባህል መድኃኒት ስንከራከር ነገሩን የምናይበት መንገድ የተሳሳተ እየመሰለኝ መጥቷል። አንዱ ወገን የአባቶች ጥበብ ተናቀ ይላል፤ ሌላው ኋላ ቀርነት ነው ይላል። ሁለቱም ጥበብ የሚሉት የዕፁን ስምና የጥቅሙን ዝርዝር ነው። እናቴ የምታውቀው ግን ከዝርዝሩ የሚበልጥ ነገር ነበር፤ የትኛው ክፍል እንደሚፈስስ፣ የትኛው እንደሚቀር፣ ምን ያህል እንደሚጠበቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የት ላይ እንደሚቆም። እኔ ከእርሷ የወሰድኩት ስሙን ነው። ድንበሩን አውልቄ ጣልኩና የቀረውን አሳምሬ ጻፍኩት። ከዚያ ጽሑፌ ዞሮ ወደ ባለቤቲቱ ሄዶ የገዛ ድንበሯን አስጣሳት።

ማረሚያ ጽፌ ለዚያ መጽሔት ልልክ ነበር። ስደውል ቢሮው ተዘግቷል፤ መጽሔቱም ቆሟል። ማረሚያው በመሳቢያዬ ቀረ። ያን ጊዜ ጽሑፌን አንብቦ “ለቁስል ሁሉ” የምትለውን ያመነ ሌላ ሰው ይኖር ይሆን እያልኩ ሌሊት የምነቃበት ጊዜ አለ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ሰው ጭምር ነው።

እናቴ ከዚያ ወዲህ ክኒኗን ትውጣለች፤ በቀጠሮዋ ቀን ትሄዳለች፤ ማታ ማታ እግሯን በመብራት ታያለች። እሬቱንም አልተወችውም። ጥፋቱ የእሬቱ አይደለማ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ዳባትና ደባርቅ በተቃረበ ጊዜ፣ ከሊማሊሞ በታች ያለው ሕዝብ ተፈናቅሎ ወደ ደጋ ሲወጣ፣ የእኛም ቤት በእንግዳ ሞልቶ ነበር። እናቴ ለሕፃናቱ በእሳትና በውሃ የተላጠ ቆዳ ቅጠል ስትቆርጥ ሰነበተች። አጥሩ ሥር ያለው እሬት አላለቀም፤ ያለቀው የእርሷ ክኒን ነበር። መንገዱ እስኪከፈት አንዱን ለሁለት እየሰበረች ከረመች። ስልክ ባገኘሁ ቁጥር የምጠይቃት ስለ ጥይቱ ሳይሆን ስለ እግሯ ነበር።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ መጣችልኝ። ልጄ ሁለት ዓመት ሞልቶት ጡት አልተውም ብሎ አስቸግሮኝ ነበር። በረንዳዬ ላይ አሁን በደንብ የያዘ እሬት አለ፤ በወር አንዴ ሁለቴ እንጂ አላጠጣውም። ከታች አንድ ቅጠል ቆረጥኩና እንደ ተማርኩት ጫፉን ቁልቁል አድርጌ በሲኒ ውስጥ አቆምኩት።

“ለዚህስ ሥጋው ሳይሆን ሐሞቱ ነው የሚፈለገው” አለች እናቴ። “በጣትሽ ጫፍ ብቻ። እንዲሸሽ ነው እንጂ እንዲታመም አይደለም።”

ቀባሁት። ልጄ ሮጦ መጣ፤ ቀመሰ፤ ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። እናቴ ከወዲያ ማዶ ሆና “አየሽ?” አለችኝ። ልጁን ወደ ጉያዋ ሳብ አደረገችና ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው።

ቅጠሉ ሲኒው ውስጥ እንደቆመ ቀርቷል። ሐሞቱ ወጥቶ አልቋል። አጠብኩት፤ እሾሁን ላጥኩት፤ ልጣጩን ገፈፍኩት። የጠራውን ሥጋ በእጄ ይዤ ወደ እርሷ ዞርኩ።

“እግርሽ ላይ ላድርግልሽ?”

“እግሬን ሐኪም ያየዋል” አለችኝ። “ይልቅ እጅሽን አምጭ። ትናንት ምጣዱ አቃጥሎኛል አላልሽም?”